ወረቀቷ በማን ስም ነው?



ውድ አንባብያን! የሰውን ገመና አውጥቶ መናገር ነውርም ኃጢአትም ነው። የራስን ስሕተት መናገር ግን ሌላው ወንድም በዚያው እንዳይሰናከል ይረዳ ይሆናል በሚል ተስፋ፣ ዛሬ ስለራሴ ስሕተት ልጽፍላችሁ ተነስቻለሁ። ታሪኩ የኔና የወንድሜ ልጅ ነው። ፈቃዷን ጠይቄያት «ስሜንና ያለሁበትን ከተማ አይጥቀሱ እንጂ ይጻፉት፤ ለሌላዋ ይጠቅማል» ብላኛለች። አላህ (ሱ.ወ.) የሚጠቅም ያድርገው።

ወንድሜ ወደ አኺራ ሲሄድ ልጁ ገና 11 ዓመቷ ነበር። ባሕር ዳር ከኔ ቤት፣ ከልጆቼ ጋር ከአንድ መሶብ እየበላች አደገች። ቤታችን ከጣና ዳር ሩቅ አይደለም፤ ከመድረሳ ስትመለስ ወደ ሐይቁ ወርዳ፣ ነገደ ወይጦ ወንድሞቻችን ከደንገል ታንኳ ሲሠሩ ቆማ እያየች ትዘገይ ስለነበር ባለቤቴ ሁልጊዜ ትቆጣት ነበር። ለአቅመ ሐዋ ስትደርስ ወሊይዋ እኔ ነበርኩ። አባቷ በሕይወት ቢኖር ይጠይቅላት የነበረውን ሁሉ መጠየቅ የኔ ግዴታ ነበር ማለት ነው። ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ሽማግሌ ተላከብን። ልጁ ባሕር ዳር ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደ፣ የዚያኑ አገር ዜግነት ያገኘ፣ በሥራው የተመሰገነ ነው ተባለ። ቤተሰቡን እናውቀዋለን፤ አባቱ ከኔ ጋር በአንድ ሶፍ የሚሰግዱ ሰው ናቸው። እኛም በወጉ ጠየቅን፤ ሶላቱ እንዴት ነው? መጠጥ ይነካል ወይ? ከዚህ በፊት አግብቶ ያውቃል ወይ? እናቱን ይረዳል ወይ? ስለ መህሩም ሁለት ቀን ተነጋግረን 30 ግራም ወርቅ ተቆረጠ። ልጅቷም ተጠይቃ ፈቀደች።

አንድ ነገር ግን አልጠየቅሁም። «ይህች ልጅ በባዕድ አገር የምትኖረው በማን ፈቃድ ነው? አላህ አያድርገውና መለያየት ቢመጣ የት ትቆማለች?» አላልኩም። በሠርግ ዋዜማ ስለ ፍቺ ማንሳት ሟርት መስሎ ታየኝ። ከሽማግሌዎቹም መካከል ያነሳው አልነበረም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን ተረት ለልጆቼ ስንቱን ጊዜ ተርቼላቸዋለሁ፤ የራሴን ጥምጥም ግን ሳልማር ጠመጠምኩት።

ልጁ ለአንድ ወር መጣ። ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ኒካሑ በቤታችን ታሰረ፤ ወሊማ ተበላ፤ ሙሽሮቹ ጣና ዳር ከዘንባባው ሥር ፎቶ ተነሱ። ጋብቻው በከተማው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤትም ተመዘገበ። እሱ ተመልሶ ሄደ፤ የቪዛው ጉዳይም ቀጠለ። መጋቢት 2011 ዓ.ም. እኔው ራሴ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘኋት። ከሄደች በኋላ ካርዷ በፖስታ እንደደረሳት ነገረችን፤ ቤቱ በደስታ ተሞላ። ካርዱ ላይ ግን የማብቂያው ቀን ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑን ከመካከላችን ያስተዋለ አልነበረም።

ስልኩ

ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ነበር። ዐስር ሰግጄ ወደ ሐይቁ ዳር ወጣ ብዬ ነበር። ስልኬ ጠራ። ድምፅዋን ስሰማ ደኅና እንዳልሆነች ገባኝ።

«ጋሼ፣ ጦላቅ ሰጠኝ» አለችኝ።

ዝም አልኩ።

«ከቤት ውጪ ብሎኛል። ወረቀትሽን አሰርዘዋለሁ፤ በሳምንት ውስጥ አገርሽ ትገቢያለሽ ብሎኛል።»

ወላሂ፣ የዚያን ዕለት የመለስኩላትን ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ። «ልጄ፣ ሰብር አድርጊ። ይቅርታ ጠይቂው። ወረቀትሽ እስኪጸና ድረስ የፈለገውን ቢልሽ ቻይው» አልኳት። ምን እንደተፈጠረ አልጠየቅሁም። በደሉ የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። የት እንደምታድር እንኳ አልጠየቅሁም። እኔን የያዘኝ የወረቀቱ ጉዳይ ብቻ ነበር።

ውድ አንባብያን! እስቲ ነገሩን በሸሪዓ ሚዛን እንየው። ጦላቁ የመጀመሪያ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ጦላቅ የተሰጣት ሴት ዒዳዋ እስኪያልቅ ድረስ ከቤቷ እንዳትባረር፣ እሷም እንዳትወጣ ሱረቱ ጦላቅ በግልጽ ያዛል። ቀለቧም በባሏ ላይ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ይህን የደነገገው ምናልባት ልባቸው ተመልሶ ይታረቁ ይሆናል በሚል ጥበብ ጭምር ነው። እንግዲህ ልጄ በዚያ ቤት ለሦስት የወር አበባ ጊዜ የመቀመጥ መብት ነበራት። እኔ ወሊይዋ ግን መብቷ የሆነውን ነገር ለምና እንድታገኝ መከርኳት። ለምን? የአንዲት ካርድ ፍርሃት ስለያዘኝ።

የፈራሁትንም ነገር አላውቀውም ነበር። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንዲሉ፣ በከተማችን ልጁን አሜሪካ ያልላከ ቤት ጥቂት ሆኖ ሳለ ሕጉን ግን አንዳችንም ጠይቀን አናውቅም ነበር።

ያላወቅነው ሕግ

እሷ ለመነችው፤ እሱ አልተመለሰም። በሳምንቱ ልብሷን በሻንጣ አድርጋ ወጣች። በዚያ ከተማ መስጊድ የሚሰበሰቡ እኅቶች ተቀበሏት፤ አላህ ጀዛቸውን ይክፈላቸው። ከእነሱ አንዷ ለተቸገሩ ስደተኞች በነፃ ወደሚቆም ጠበቃ ወሰደቻት። ጠበቃው የነገራትን እሷ በስልክ ነገረችኝ፤ እኔም በደብተር ጻፍኩት። ከዚያ ደብተር ለናንተ የሚጠቅመውን እነሆ፤

አንደኛ፣ ባል የሚስቱን ግሪን ካርድ መሰረዝ አይችልም። ሚስት ገና አገሯ ሳለች፣ ቪዛውም ሳያልቅ፣ ማመልከቻውን መሳብ ይችል ነበር። እሷ ገብታ ካርዱን ከያዘች በኋላ ግን ካርዱን ሊነጥቅ የሚችለው መንግሥት ብቻ ነው፤ እሱም በሕግ በተወሰነ ሥርዓት ነው። «አሰርዘዋለሁ» የሚለው ቃል ማስፈራሪያ ነው።

ሁለተኛ፣ በጋብቻ ምክንያት አሜሪካ የምትገባ ሚስት በገባችበት ቀን ጋብቻዋ ሁለት ዓመት ካልሞላው የሚሰጣት ካርድ ቅድመ ሁኔታ ያለበትና ለሁለት ዓመት ብቻ የሚያገለግል ነው። ይህን ያመጣው በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ነው፤ ዓላማውም ለወረቀት ብቻ የሚደረገውን የውሸት ጋብቻ መቆጣጠር ነበር። ይህን ዓይነቱን ጋብቻ እኛም እናውቀዋለን፤ ዲቪ ለደረሰው ሰው «ሚስት» ሆኖ ስለመሄድ በከተማችን ስንት ጊዜ ሲወራ ሰምተናል። ካርዱ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ባልና ሚስት በአንድነት ፈርመው ቅድመ ሁኔታው እንዲነሳ ያመለክታሉ። ያላመለከተች ሴት ፈቃዷ ያበቃል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ባሏ «አልፈርምም» ሲላት «እንግዲያው አለቀልኝ» ብላ ቤቷ የምትቀመጥ ሴት፣ ባሏ ሊያደርግ ያልቻለውን በገዛ እጇ ታደርገዋለች።

ሦስተኛ፣ ባል ባይፈርምም መንገድ አለ። ጋብቻው እውነተኛ እንደነበረና በፍቺ እንደፈረሰ ማስረዳት የምትችል ሚስት ብቻዋን ማመልከት ትችላለች። ድብደባ ወይም ከባድ ጭካኔ የደረሰባትም እንደዚሁ ብቻዋን ትችላለች፤ እሷ ፍቺውን እስክታገኝ እንኳ አትጠብቅም። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ፣ ባሏ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ሆኖ የሚደበድባት፣ ካርድ ግን ገና ያላገኘች ሚስት ባሏ ሳያውቅ በራሷ እንድታመለክት በር ከፍቷል።

አራተኛው እኛን ሙስሊሞችን በተለይ የሚመለከት ነው። በስልክ ወይም በቃል የተሰጠ ጦላቅ በዚያ አገር ሕግ ፍቺ አይደለም። በዲናችን የተፈታች ሴት በዚያ አገር መዝገብ ገና ባለትዳር ናት። በፍቺ ምክንያት ብቻዋን ለማመልከት የፍርድ ቤት የፍቺ ውሳኔ ያስፈልጋታል። ሁለቱን የምታምታታ ሴት ጊዜዋን ታባክናለች፤ የወንድሜ ልጅም «ተፈትቻለሁ» ብላ አንድ ወር ሙሉ ፍርድ ቤት ሳትሄድ ቀርታ ነበር።

ጋብቻው እውነተኛ እንደነበረ የሚያስረዳ ማስረጃ ሲፈለግ፣ እሷ በሁለቱም ስም የተጻፈ የቤት ኪራይ ውል፣ የጋራ የባንክ ደብተርና የግብር ወረቀት አስቀምጣ ኖሮ አወጣች። ከኛ ዘንድ ደግሞ የኒካሑ ወረቀት፣ የመህሩ ውል፣ የከተማው የጋብቻ ምስክር ወረቀትና ያ የጣና ዳር ፎቶ ተላከላት። እኔና ሁለቱ የኒካሕ ምስክሮች ሽማግሌው እንዴት እንደተላከ፣ ወሊማው እንዴት እንደተበላ ጽፈን ፈረምን፤ አስተርጉመን ላክን። ኒካሑን በወጉና በአደባባይ ማድረጋችን ከባሕር ማዶ ምስክር ይሆንላታል ብሎ ማን አሰበ! አልሐምዱ ሊላህ።

የፍቺው ውሳኔ የካቲት 2013 ዓ.ም. ወጣ። ማመልከቻዋም ካርዱ ከማለቁ ጥቂት ቀደም ብሎ ገባ። ጉዳዩ እስኪታይ የሚያገለግል የማራዘሚያ ደብዳቤ ተሰጣት፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ዓመት ያህል መጠበቅ ነበረባት። በነዚያ ዓመታት ስልክ ስትደውል ድምፅዋን እንደ ሐኪም አዳምጥ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የአሥር ዓመቱ ካርድ መጣላት። እኔም ደስታዬን ስገልጽላት እንዲህ አለችኝ፤

«ጋሼ፣ ካርዱ ላይ የተጻፈው ስም መጀመሪያውንም የኔ ነበር። ሁላችንም ግን የሱ ነው ብለን አመንን። እርስዎም ጭምር።»

መልስ አልነበረኝም።

በሌላ አገርስ?

የሷ ነገር በመልካም አበቃ። ሁሉም ግን እንዲህ አያበቃም፤ ወረቀቱ በእርግጥም በባል እጅ የሆነበት ብዙ መንገድ አለ። አሜሪካ ውስጥ እንኳ የተማሪ ወይም የጊዜያዊ ሠራተኛ ባሏን ተከትላ በጥገኝነት ቪዛ የሄደች ሚስት ፍቺው በጸደቀ ጊዜ ያ ፈቃዷ ያበቃል። ባሏ ግሪን ካርድ ይዞ ያመለከተላት ሚስትም ቪዛው ሳይሰጣት ከተፋቱ ማመልከቻው ይወድቃል። ዲቪ የደረሰው ሰው ሚስት ደግሞ ከመግባቷ በፊት ከተፋታች ምንም የላትም፤ በሚስትነት ቪዛ ተሰጥቷት ከገባች ግን ካርዷ የራሷ ነው፤ የሁለት ዓመቱ ቅድመ ሁኔታም አይመለከታትም። በአንዲት አገር ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት አለ።

በጀርመን ሚስት የራሷ የመኖሪያ ፈቃድ የሚኖራት በመርሕ ደረጃ ባልና ሚስት በዚያ አገር ቢያንስ 3 ዓመት አብረው ከኖሩ በኋላ ነው፤ ጥቃት ለደረሰባት ሴት ግን ልዩ አስተያየት አለ። ካናዳ በ2012 እ.ኤ.አ. አዲስ የመጡ የትዳር ጓደኞች ሁለት ዓመት አብረው እንዲኖሩ የሚያስገድድ ደንብ አውጥታ ነበር፤ ደንቡ ሴቶችን ከበዳይ ባል ጋር ያስራል ተብሎ ብዙ ከተወቀሰ በኋላ በ2017 እ.ኤ.አ. ሰርዛዋለች። እንግሊዝም በቤት ውስጥ ጥቃት ትዳሯ የፈረሰባት የዜጋ ወይም የቋሚ ነዋሪ ሚስት በራሷ ስም ቋሚ መኖሪያ እንድትጠይቅ ትፈቅዳለች።

በዐረብ አገሮች ደግሞ ባሏን ተከትላ የሄደች ሚስት ኢቃማዋ በአብዛኛው በባሏ ስም የታሰረ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ያጋጠማት ይኸው ነው። ባሏ ፈታት፤ ኢቃማዋም አበቃ፤ የ4 ዓመት ልጇን ይዛ በአንድ ሻንጣ ባሕር ዳር ገባች። ለሷ የሚቀርብ ማስረጃም፣ የሚቆም ጠበቃም አልነበረም። የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች በ2018 እ.ኤ.አ. የተፈታች ወይም ባሏ የሞተባት ሴት ያለ ስፖንሰር ለአንድ ዓመት እንድትቆይ የሚፈቅድ ውሳኔ አሳልፋለች፤ የጎረቤቴ ልጅ የነበረችው ግን ሌላ አገር ነው።

ይህ የባዕዳን ሕግ ብቻ ነው እንዳትሉ። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የራሳችን የዜግነት ሕግ፣ የውጭ ሰው አግብታ የባሏን ዜግነት ያገኘችን ኢትዮጵያዊት ዜግነቷን ያሳጣት ነበር፤ እስከ 1996 ዓ.ም. ድረስ ሲሠራበት ቆይቶ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 ተተካ። በዚህ አዋጅም ቢሆን ኢትዮጵያዊ ያገባች የውጭ ዜጋ በጋብቻዋ ዜግነት ለመጠየቅ ጋብቻው ሁለት ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ስለዚህ አንድ የባሕር ዳር ልጅ ከሱዳን ወይም ከየመን ሚስት ቢያመጣ፣ በዚያች ሴት ዓይን የወረቀቱ ባለቤት መስለን የምንታየው እኛ ነን። በልጆቻችን ላይ እንዲደረግ የማንፈልገውን በሰው ልጅ ላይ እንዳናደርግ እንጠንቀቅ።

ከኒካሕ በፊት

እንግዲህ ምን እናድርግ? ልጆቻችንን ወደ ውጭ አንዳር ማለቴ አይደለም። ብዙዎች በሰላም ይኖራሉ፤ አላህ ይጨምርላቸው። እኔ የምለው፣ ስለ መህሩ የምንጠይቀውን ያህል ስለ ወረቀቱም እንጠይቅ ነው። ልጁ በዚያ አገር ዜጋ ነው፣ ቋሚ ነዋሪ ነው፣ ተማሪ ነው ወይስ ጊዜያዊ ሠራተኛ? ልጅቷ የምትገባው በምን ዓይነት ፈቃድ ነው? ለስንት ጊዜ? መሥራት ትችላለች ወይ? መቼ፣ በማን ፊርማ ይታደሳል? ይህን መጠየቅ አለማመን አይደለም። ዕዳን በጽሑፍ አስፍሩ፣ ምስክርም ጥሩ ብሎ ያዘዘን ዲን ለልጃችን መኖሪያ ማስረጃ ብንጠይቅ አይከፋበትም።

ፓስፖርቷና ካርዷ በራሷ እጅ ይሁን። ቅጂው ደግሞ አገር ቤት በወሊይዋ ዘንድ ይቀመጥ። የካርዱን የማብቂያ ቀን እኛም እንመዝግበው። የኒካሑን ወረቀት፣ የከተማውን የጋብቻ ምስክር ወረቀትና የሠርጉን ፎቶ አንጣል። መህሩ በሙሉ ካልተከፈለ ቀሪው በጽሑፍና በምስክር ይሁን፤ በአገራችን የሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚዳኘው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ መሆኑን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ደንግጓልና፣ በቃል የቀረ ነገር ነገ መቆሚያ ላይኖረው ይችላል። በኒካሑ ላይ ተገቢ ውል ማስገባትም በዲናችን የታወቀ ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከውሎች ሁሉ ይበልጥ ሊጠበቁ የሚገባቸው በጋብቻ የተገቡት መሆናቸውን አስተምረውናል። «ሚስቴን የምፈታት ቢሆን እንኳ የመኖሪያ ወረቀቷን መሣሪያ አላደርግም፤ የሚፈለግብኝን ፊርማ በእውነት እፈርማለሁ» የሚል ቃል በሽማግሌ ፊት ቢገባ ምን ክፋት አለው? በእውነት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ትዳሩ ሳይኖር አለ ብሎ መፈርም ሐሰት ነው፤ ለልጃችንም አይጠቅማት።

ጠብ ሲነሳ ደግሞ ከሱም ከሷም ቤተሰብ አንዳንድ ሽማግሌ እንዲቀመጥ ቁርኣን አዞናል። ያ ሽምግልና ባሕር ማዶ ለማዶም ቢሆን በስልክ ይቻላል። እኔ ያን ዕለት ለልጁ አባት መደወል ነበረብኝ። በአንድ ሶፍ እየሰገድን ተፋፍረን ዝም ተባባልን፤ ዝምታችንም ልጆቻችንን ጎዳ።

ለወንዶች አንድ ቃል

ወንድሞቼ! ሚስትህን ከእናት አባቷ ቤት፣ ቋንቋዋ ከሚነገርበት አገር አንስተህ ስትወስዳት አማና ተቀብለሃል። «ወረቀትሽን» እያልክ የምታስፈራራት ከሆነ ያን አማና በልተሃል። ጦላቅ የተፈቀደልህ በመልካም ልታሰናብታት እንጂ በፍርሃት ልታስራት አይደለም። ደግሞም እወቅ፤ በአሜሪካ ለሚስቱ ዋስ ሆኖ የፈረመ ባል፣ ገቢዋ በዚያ አገር ለድህነት ከተቆረጠው መጠን ከመቶ 125 በታች እንዳይወርድ ሊደግፋት ውል ገብቷል። ይህ ውል በፍቺ አይፈርስም፤ የሚያበቃው እሷ ዜጋ ስትሆን፣ ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ የሥራ ዘመን ሲቆጠርላት፣ አገሩን ለቃ ስትወጣ ወይም ሞት ሲለያቸው ነው። የአገሩ ሕግ ይህን ያህል ካስገደደህ፣ የአላህ ሕግ ምን ያህል ይጠይቅህ!

ለቤተሰብም እላለሁ፤ ልጃችን ባዶ እጇን ከተመለሰች ቤቷ ነው የመጣችው። የጎረቤቴ ልጅ የተመለሰች ሰሞን ሰዉ ሁሉ «ምን አጥፍታ ነው?» ይል ነበር። ልጇ ምን በላ ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ውጭ አገር ያሉ እኅቶቻችን በደልን ተሸክመው የሚቆዩት ሕጉን ፈርተው ብቻ አይደለም፤ እኛንም ፈርተው ነው።

ከነጃሺ አገር

በመጨረሻ ሁላችንም የምናውቀውን ታሪክ ላስታውሳችሁ። እሙ ሐቢባ፣ የአቡ ሱፍያን ልጅ ረምላ (ረ.ዐ.)፣ ከባሏ ከዑበይዱላህ ኢብን ጀሕሽ ጋር ወደ አገራችን ወደ ሐበሻ ተሰደደች። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት ባሏ እዚሁ ዲኑን ለወጠ፤ እዚሁም ሞተ። እሷ ልጇን ይዛ በባዕድ አገር ብቻዋን ቀረች፤ አባቷ ያኔ መካ ውስጥ የሙስሊሞች ጠላት ነበርና መመለሻም አልነበራትም። ነጃሺ «የመጣሽው በባልሽ ነው፤ እሱ ከሌለ አንቺም ሂጂ» አላሏትም። ጥበቃቸው ለራሷ የተሰጠ ነበር። ኋላም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲያጯት ነጃሺ ራሳቸው ጉዳዩን ፈጸሙ፤ 400 ዲናር መህርም ከገዛ ሀብታቸው እንደሰጡ ተዘግቧል። ከዘመዶቿም ኻሊድ ኢብን ሰዒድ ወኪል ሆኖ ቆመላት።

ይህ የሆነው በአገራችን ነው። እኛ የምንኮራበትን ይህን ታሪክ ስናነብ ንጉሡን እናደንቃለን፤ ለሷ የቆመላትን ዘመድ ግን እንረሳዋለን። እኔም ረስቼው ነበር።

ባለፈው ዓመት ለገዛ ልጄ ሽማግሌ መጣ። ይህም ልጅ የሚኖረው ውጭ ነው። ቡናው ከተጠጣ፣ ስለ ሶላቱና ስለ መህሩ ከተነጋገርን በኋላ «አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል» አልኩ፤ «ልጄ በዚያ አገር የምትኖረው በምን ፈቃድ ነው? መለያየት ቢመጣስ?» ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፊታቸውን ቀየር አድርገው «እንዴት በመልካም ቀን ይህን ያነሳሉ?» አሉኝ። «በክፉ ቀን አንስቼው አይቻለሁ፤ አይጠቅምም» አልኳቸው። መልሱ ለመምጣት ሦስት ቀን ፈጀ። ልጁ ራሱ ደውሎ የፈቃዱን ዓይነት፣ የሚታደስበትን ጊዜ፣ እሷ ምን እንደሚሰጣት አንድ በአንድ አስረዳኝ። ከዚያም «አባባ፣ እኔም አላውቀውም ነበር፤ ስለጠየቁኝ አጣራሁት» አለኝ። ኒካሑ አልፈረሰም። ይልቅ ልጄ ምን ይዛ እንደምትሄድ አውቃ ትሄዳለች፤ ኢንሻ አላህ።

አላህ (ሱ.ወ.) ትዳራችንን ያጽናልን፤ በባዕድ አገር ላሉ እኅቶቻችን መጠጊያ ይሁናቸው፤ እኛንም ከመዘግየታችን በፊት የምንጠይቅ ያድርገን። አሚን።